እግዚአብሔርን ማሰብ፦ የኦነሲሞስ ነሲብ የሕይወት ታሪክ

በአማርኛችን የእግዚአብሔር ስም ከአፍ የሚጠፋበት ጊዜ የለም። ጧት ደኅና ማደራችንን ለጠየቀን ሰው እግዚአብሔር ይመስገን እንላለን። ላበላን እግዜር ይስጥልኝ፣ ለታመመ እግዜር ይማርህ፣ ለማናውቀው ነገር ደግሞ እግዜር ያውቃል እንላለን። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞችም ጀበናው ቀርቦ አቦሉ ሲቀዳ ሽማግሌ ይመርቃል፤ የተቀመጠው አሜን ይላል። የሦስተኛው ስኒ ስም ራሱ በረካ ነው፤ በረከት ማለት ነው። ስሙን መጥራት እርሱን ማሰብ ከሆነ እንግዲህ እንደ እኛ አምላኩን የሚያስብ ሕዝብ በቀላሉ አይገኝም። ነገር ግን መጥራትና ማሰብ አንድ አለመሆናቸውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን በጸሎት ያደረ ተማሪ፣ ውጤቱ ተለጥፎ ማለፉን ካየ በኋላ ጸሎቱን እስከሚቀጥለው ፈተና ሲያሳድረው አይተናል።

ታዲያ ክርስቲያን ሁልጊዜ እግዚአብሔርን ማሰብ ይገባዋል ሲባል ምን ማለት ነው? በልብ የሚሰማ ስሜት ነውን? ወይስ በቀን ውስጥ የተወሰነ ሰዓት መድቦ መጸለይ ብቻ ነው? ይህን በትርጓሜ ለመፍታት ከመድከም ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት ብንተርክ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል ብለን እናምናለን። ሰውየው ኦነሲሞስ ነሲብ ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙ ሊቅ መሆናቸውን ብዙ ሰው ሰምቷል። ከዚህ ሥራ በስተጀርባ ያለው ሕይወት ግን ከስማቸው ያነሰ ነው የሚታወቀው። (አንባቢ እንዳይሳሳት፣ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተለየ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጅማ ተነሥቶ በአጋሮ በኩል ዴዴሳን ተሻግሮ ወደ በደሌ፣ ከዚያም በያዮ በኩል ወደ መቱ የሚወስደው መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ የቡና አገር ነው። በያዮ ጫካ ቡና ሰው ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ጫካውም በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚሁ መንገድ ላይ፣ ያዮ ታልፎ መቱ ሳይደረስ፣ ሁሩሙ የምትባል ከተማ ትገኛለች። ኦነሲሞስ በ1856 ገደማ የተወለደው በዚች ከተማ አካባቢ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሒካ ነበር። በኦሮምኛ ሒካ የሚለው ቃል የሚፈታ ማለት ነው፤ እንደ አማርኛው መፍታት ሁሉ፣ የታሰረን መልቀቅም፣ የተሰወረን ቃል መተርጐምም ይሆናል። ወላጆቹ ይህን ስም ሲያወጡ ልጃቸው ሁለቱም የፍቺ ዓይነቶች እንደሚያጋጥሙት የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። አባቱም ልጁ አራት ዓመት ሲሞላው ሞቱ።

በዚያ ዘመን በጊቤ ወንዝ ዙሪያ የነበሩት መንግሥታት፣ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ገራና ጅማ፣ በንግድ የታወቁ ነበሩ። የሊሙው ሳቃ ገበያ ስሙ በሩቅ አገር ይሰማ ነበር። የጅማው ሒርማታ ገበያም በዛሬዋ የጅማ ከተማ ላይ የነበረ ታላቅ ገበያ ነው። ነጋዴው ከዚህ አገር ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ወርቅ ጭኖ ዓባይን በመሻገር ወደ ጎጃም፣ ከዚያም ወደ ጎንደርና ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ይሄድ ነበር። ከዕቃው ጋር ግን ሰውም ይነዳ ነበር። ይህን ስንጽፍ ደስ እያለን አይደለም። ሆኖም ታሪካችንን የምናውቀው የምንኮራበትን ብቻ መርጠን ከሆነ ግማሹን አላወቅነውም። ዓለም የሚያመሰግነን ቡና በወጣበት መንገድ ከእናታቸው ጉያ የተነጠቁ ልጆችም ወጥተዋል። የሸጣቸውም የገዛቸውም ባዕድ ብቻ አልነበረም።

ሒካም ገና ልጅ ሳለ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቀ። ከአንዱ ገዢ ወደ ሌላው እየተላለፈ፣ ከትውልድ አገሩ እየራቀ ሄዶ በመጨረሻ ቀይ ባሕር ዳር ምጽዋ ደረሰ። ባርነት ከሰው ላይ የሚወስደው ጉልበቱን ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ ቤቱን ይወስዳል፤ ቀጥሎ ስሙን ይወስዳል፤ ልጅ ከሆነ ደግሞ ቋንቋውን ቀስ በቀስ ያስረሳዋል። በአዲስ ጌታ ቤት የሚታዘዘው በአዲስ ቋንቋ ነውና፣ የእናቱን ቃል የሚናገረው ሰው አያገኝም። ፈንጋይ ባሪያውን አጥብቆ የሚያስረው በሰንሰለት ብቻ ሳይሆን በመርሳትም ነው። ወዴት እንደሚመለስ የረሳ ሰው ለማምለጥ አይሞክርም።

በ1870 በምጽዋ ይኖር የነበረው ስዊሳዊ ቬርነር ሙንዚንገር ልጁን ከባርነት ነፃ አወጣውና በዚያው ከተማ ለነበሩት የስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮናውያን ሰጠው። ሚሲዮናውያኑ ምጽዋ የደረሱት በ1866 ሲሆን፣ ዋና ዓላማቸው ወደ ኦሮሞ ምድር ዘልቆ ማስተማር ነበር። መንገዱ ግን ተዘግቶባቸው በባሕሩ ዳር ቀርተው ነበር። ሊደርሱበት ያልቻሉት አገር ልጅ በባሪያ ነጋዴ መንገድ ተጉዞ እነርሱ ደጅ ደረሰ። ሒካ ትምህርት የሚወድ ልጅ ሆኖ ተገኘ። በማርች 31 ቀን 1872፣ በእነርሱ አቆጣጠር በትንሣኤ ዕለት፣ ተጠመቀና ኦነሲሞስ ተባለ።

ይህ ስም እንዲያው የተመረጠ አልነበረም። በአዲስ ኪዳን ኦነሲሞስ የፊልሞና ባሪያ ነው። ከጌታው ርቆ ሄዶ፣ ታስሮ የነበረውን ሐዋርያው ጳውሎስን አግኝቶ አመነ። ጳውሎስም አጠገቡ ሊያስቀረው ሲችል ደብዳቤ አስይዞ ወደ መጣበት ቤት መለሰው፤ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበሉት ለመነለት። ስሙም በጽርእ ቋንቋ ጠቃሚ ማለት ነው። ወጣቱ ኦነሲሞስ ስሙን ሲቀበል በስሙ ውስጥ ያለውን ነገር አብሮ የተቀበለ ይመስለናል፤ ይኸውም ነፃ የወጣ ሰው ታሪኩ ነፃ በመውጣት እንደማያበቃ፣ ወደ መጣበት ቤት መመለስም እንዳለበት ነው።

ከዚህ በኋላ አንቱ እንበላቸው። ኦነሲሞስ ወደ ስዊድን አገር ተልከው በስቶክሆልም አቅራቢያ በሚገኘው የዮሐኔሉንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማሩ። ይህን በተለይ እኛ ተማሪዎች ቆም ብለን ልናስበው ይገባል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በገበያ ተሸጠው የነበሩ ወጣት፣ ባሕር ተሻግረው ንጹሕ አልጋ፣ መጻሕፍትና የሚያከብሯቸው ሰዎች ወዳሉበት አገር ደረሱ። በዚያ ቢቀሩ ማን ይወቅሳቸው ነበር? አባታቸው ሞተዋል፤ ከአገራቸው የወጡት በፈቃዳቸው አልነበረም፤ የሚመለሱበት አገርም እሳቸውን የመሰለ ልጅ ገና ይፈነገልበት ነበር። ዕድሌ ይህ ነው፣ አምላክ ከመከራ አውጥቶ ለዚህ አበቃኝ ብለው ቢቀመጡ ለብዙዎቻችን ምስጋና ይመስለን ነበር። እሳቸው ግን ትምህርታቸውን ሲፈጽሙ ወደ ምጽዋ ተመለሱ። በዚያም ምሕረት ኃይሉ የተባሉትን ሴት አገቡና ወዲያው የትውልድ አገራቸውን መንገድ ጀመሩ።

ያን ጊዜ በደጋው በኩል ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ማለፍ ለሚሲዮን ሰዎች የተፈቀደ አልነበረም። ስለዚህ ጉዞው በሱዳን በኩል ዞሮ ከበስተምዕራብ እንዲገባ ተወሰነ። ረጅምና አድካሚ መንገድ ነበር። ጠረፉ ድረስ ተጉዘው ወደ ውስጥ መዝለቅ ስላልቻሉ ወደ ኋላ ተመለሱ። ኦነሲሞስ በመንገድ ላይ በንዳድ ታመው ለሞት ተቃርበው ነበር። በኤፕሪል 1882 ካርቱም ሲደርሱም በሱዳን የማህዲ ዓመፅ ተነሥቶ ነበር። ጉዞው ከሽፎ፣ ሰውነታቸው በበሽታ ደክሞ፣ አገሩ በጦርነት በታወከበት በዚያ ጊዜ ኦነሲሞስ ሥራ ፈትተው አልተቀመጡም። መንፈሳዊ መዝሙሮችን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ጀመሩ። የመጀመሪያ የትርጉም ሥራቸው ይህ ነው።

ከዚያ በኋላም በሌላ መንገድ ሞከሩ፤ ሁለተኛውም ጉዞ አልተሳካም። በ1886 በምጽዋ አጠገብ ወዳለችው ወደ እምኩሉ ተመለሱ። እንግዲህ ሁለት ጊዜ ተነሥተው ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል። በእምነታቸው የጸና ሰውም ቢሆን እንዲህ ባለ ጊዜ ምናልባት እግዚአብሔር ይህን መንገድ አልፈለገው ይሆናል ብሎ ዓላማውን መተው ይቀለዋል። ኦነሲሞስ ግን እግራቸው ሊደርስበት ያልቻለውን አገር ቃሉ ቀድሟቸው እንዲደርስ አሰቡ። መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ ኦሮምኛ ሊተረጉሙ ተነሡ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ እንቅፋት አጋጠማቸው። ጸሐፊው የእናታቸውን ቋንቋ በበቂ አያውቁትም ነበር። የተለዩት በልጅነታቸው ነው። ልጅ የሚያውቀው የልጅ ቃል ነው፤ የሽማግሌ ተረትና ምሳሌ፣ የዳኝነት ንግግር፣ የኀዘንና የምርቃት ቃል ገና አልገባውም። ኦነሲሞስ ስዊድንኛን በትምህርት ቤት ተምረዋል፤ የሁሩሙን ሽማግሌዎች ንግግር ግን የሚማሩበት ትምህርት ቤት አልነበረም። ለኢዮብ ምሬትና ለመዝሙረ ዳዊት ልቅሶ የሚሆን ቃል ሲፈልጉ የልጅነት ቋንቋቸው አልበቃ አላቸው። ባርነት ምን ያህል እንደ ዘረፋቸው የተረዱት ምናልባት ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

መፍትሔው የመጣው ከዚሁ ከእኛ አካባቢ ነው። በ1886 የጣልያን መርከቦች በቀይ ባሕር ላይ ወደ ዓረብ አገር ለሽያጭ ሰዎችን የጫነች ጀልባ ያዙ። ከነፃ ወጪዎቹ መካከል አስቴር ጋኖ የምትባል ልጃገረድ ነበረች። ነፃ ሆና የተወለደች ስትሆን፣ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ በባርነት ወድቃ ከዚያ የተሸጠች ናት። በእምኩሉ ትምህርት ቤት ገብታ ተማረች። የኦነሲሞስ ቋንቋ በልጅነት የተቋረጠ ነበር፤ የአስቴር ግን ሙሉና ሕያው ነበር። የቋንቋውን ለዛ የምታውቅ፣ አእምሮዋም የበራ መሆኑን ኦነሲሞስ አላጡትም። ስለዚህ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት የመሰብሰብ ሥራ ተሰጣት። ወደ አምስት መቶ የሚሆኑ ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖችም በጽሑፍ አሰፈረች።

ጓደኞቼ፣ ይህን ነገር በደንብ እንመልከተው። በአውሮፓ አምስት ዓመት የተማሩ ሰው ከባርነት ገና ከወጣች ከአንዲት የሊሙ ልጅ አፍ የራሳቸውን ቋንቋ መማር አላሳፈራቸውም። ዛሬ ከመካከላችን ዲግሪውን ይዞ ወደ አገር ቤት ሲመለስ የእናቱን ንግግር የሚያርም እንጂ ከእናቱ ንግግር የሚማር ስንት ይገኛል?

ሥራቸው ፍሬ አፈራ። አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ በ1893 በእምኩሉ ታተመ። በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች የሚሆን መጽሐፍ ወጣ፤ አስቴር ከሰበሰበቻቸው ተረቶችና ምሳሌዎች ብዙዎቹ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛሉ። መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ በሳንክት ክሪሾና ታተመ። ፊደሉ የግዕዝ ፊደል ነው። ከእሳቸው በፊት ጀርመናዊው ሉድቪግ ክራፕፍ በኦሮሞ ተወላጆች እየተረዳ የመጽሐፍ ቅዱስን ክፍሎች ተርጉሞ ነበር። መላውን መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝቡ ያበረከቱት ግን የሕዝቡ ልጆች ናቸው፤ እነርሱም በሰው ገበያ ላይ ዋጋ ወጥቶላቸው የነበሩ ልጆች ናቸው። ሒካ የተባለው ሕፃን በመጨረሻ እንደ ስሙ ፈታ።

በ1904 መንገዱ ተከፈተ። ኦነሲሞስ ከአስቴር ጋኖና ከሌሎች የኦሮሞ ተወላጆች ጋር ከኤርትራ ተነሥተው ወደ ወለጋ ገቡ። ኦነሲሞስ በነቀምት ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ አስቴርም በነጆ አስተማሪ ሆነች። የአገሩ ገዢ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ ተቀበሏቸው። በምጽዋ ነፃ ከወጡ 34 ዓመት ሆኗል፤ ወደ ኃምሳ ዓመት የተጠጉ ሰው ነበሩ።

መመለሳቸው ግን የዕረፍት መጀመሪያ አልሆነላቸውም። ኦነሲሞስ የሚያስተምሩት ሕዝቡ በሚሰማው በኦሮምኛ ስለ ነበር ብዙ ሰው ይሰማቸው ጀመር። በአካባቢው የነበሩ ካህናት ግን አዲሱን ትምህርት በጥርጣሬ ተመለከቱት። እመቤታችንን ይሰድባሉ ተብለው ተከሰሱና በ1906 በአዲስ አበባ በሊቀ ጳጳሱ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ። አቡኑም እንዲጋዙ ፈረዱ። ጉዳዩ ወደ ዐፄ ምኒልክ ደረሰና ንጉሠ ነገሥቱ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምት እንዲመለሱ፣ ነገር ግን እንዳይሰብኩ አዘዙ። ይህን የምንተርከው የቆየ ክርክር ለመቀስቀስ አይደለም። በመካከላችን የኦርቶዶክስም፣ የወንጌላውያንም፣ የካቶሊክም ልጆች አሉ፤ ከዚህ ታሪክ ሁላችንም የምንካፈለው ነገር አለ።

ለመሆኑ ሰባኪ እንዳትሰብክ ሲባል ምን ያደርጋል? ሊያኮርፍ፣ ሊሸሽ፣ ወይም ትእዛዙን ጥሶ ሊታሰር ይችላል። ኦነሲሞስ ከዚህ አንዱንም አላደረጉም። ዐሥር ዓመት ያህል በትምህርት ቤታቸው ተወስነው ልጆች አስተማሩ። እንደገና ሊያስግዟቸው እንደሚችሉ እያወቁ፣ ጧት ጧት ሕፃናቱን ፊደል እያስቆጠሩ ኖሩ። በአደባባይ ስሙን እንዳይጠሩ የተከለከሉ ሰው በየቀኑ በሥራቸው ያስቡት ነበር። መጀመሪያ ላይ መጥራትና ማሰብ ይለያያሉ ያልነው እዚህ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። እኛ ሳንከለከል እየጠራን እንረሳለን፤ እሳቸው ተከልክለው ሳይጠሩ አልረሱም።

በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲሰብኩ ፈቀዱላቸው። ልጅ ኢያሱ ብዙ ሳይቆዩ ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም። ኦነሲሞስም እስከ ዕለተ ሞታቸው መጻሕፍቶቻቸውን ሲያድሉና ሲያስተምሩ ኖሩ። ያረፉት ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 21 ቀን 1931 ሲሆን ቀኑ እሑድ ነበር። ባርነት ከአገራችን ፈጽሞ ሲጠፋ አላዩም። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆናለች፤ በ1924 ባሪያዎችን ነፃ ማውጣትን የሚመለከት አዋጅ ወጥቷል፤ ባርነትን ጨርሶ የሚያስቀር ሕግ የታወጀው ግን በ1942 ነው። ያ በሆነ ጊዜ ኦነሲሞስ ከሞቱ ዐሥራ አንድ ዓመት አልፏቸው ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። እግዚአብሔርን ማሰብ ምን ማለት ነው? በኦሪት ዘዳግም ሙሴ እስራኤልን ሲያስጠነቅቅ የመርሳት አደጋ የሚመጣው በረኀብ ጊዜ ነው አላለም። በልተው ሲጠግቡ፣ መልካም ቤት ሠርተው ሲቀመጡ፣ ከብታቸውና ብራቸው ሲበዛ ልባቸው እንዳይታበይና ከባርነት ቤት ያወጣቸውን እንዳይረሱ ነው የነገራቸው። በዚያው መጽሐፍ በግብፅ ባሪያዎች እንደ ነበሩ እንዲያስቡ ደጋግሞ የሚያዛቸው ደግሞ ለድኻው፣ ለመጻተኛውና ለአገልጋዩ እንዲራሩ ሲል ነው። ስለዚህ በመጽሐፍ ቅዱስ እግዚአብሔርን ማሰብና የተቸገረውን ሰው ማሰብ ሁለት መንገድ አይደሉም፤ አንድ መንገድ ናቸው።

አባቶቻችንም ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ዝክር የሚለው ቃል በግዕዝ ማሰብ ማለት ነው። ዝክር የሚያወጣ ሰው ግን ብቻውን ተቀምጦ አያስብም። እህል አስፈጭቶ፣ ጠላ ጠምቆ፣ ደጁን ከፍቶ ጎረቤቱንና ነዳያንን ያበላል። ሰው ያልበላበት ዝክር ዝክር አይባልም። ኦነሲሞስ ዕድሜያቸውን በሙሉ ያወጡት ዝክር እንዲህ ያለ ነበር። ከባርነት ያወጣቸውን አምላክ ያሰቡት የቀሩትን በማሰብ ነው፤ ለእነርሱም የሚያነቡት መጽሐፍና የሚማሩበት ቤት አዘጋጁላቸው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ አገር የሚለማው በሳይንስና በሥራ እንጂ በሃይማኖት አይደለም፤ እግዚአብሔርን ማሰብ ለሽማግሌ የሚተው ነው ሲሉ እንሰማለን። ሳይንስና ሥራ እንደሚያስፈልጉን ማንም አይክድም። ነገር ግን አንድ ነገር እንጠይቃቸው። እውቀት ያለው ሰው እውቀቱን ይዞ ወደ ሁሩሙና ወደ ነጆ እንዲመለስ የሚያስገድደው ምንድን ነው? ደመወዝ ከሆነ ሌላ ቦታ የተሻለ ይገኛል። ክብር ከሆነ በትልቅ ከተማ ይበልጣል። የአገር ፍቅር ነው ቢሉን ጥሩ መልስ ነው፤ ነገር ግን አገር ሲያሳስርና ሲያግዝም የሚጸና ፍቅር ከየት ይመጣል? በኦነሲሞስ ሕይወት የምናየው መልስ ግልጽ ነው። ያለዋጋ ነፃ የወጣሁ ነኝ የሚል ሰው ዕዳ እንዳለበት ያውቃል፤ ዕዳውንም የሚከፍለው ላወጣው አምላክ ብቻ ሳይሆን፣ ገና ላልወጡት ወንድሞቹና እኅቶቹም ነው።

ይህን ከመሰለው ሕይወት ለእኛ ለተማሪዎች የሚደርሰን ድርሻ ቅርብ ነው። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከበደሌ፣ ከመቱና ከገጠሩም መጥተን የምንማር ነን። ለብዙዎቻችን የትምህርቱ ወጪ የተገኘው ከቡና ለቀማና ከገበያ ነው። አንዳንዱን ያስተማረችው ፊደል ያልቆጠረች እናት ናት። በዚህ ግቢ አንድና ሁለት ዓመት ስንቀመጥ ግን የምንናገረው ቋንቋ ይለወጣል፤ ደብዳቤውም ስልኩም ይጠፋል፤ ለበዓል ስንሄድም እንደ እንግዳ መቀመጥ ይመጣል። ማንም አልፈነገለንም። በገዛ እግራችን ሄደን እንረሳለን። ቤተ ሰቡን በዚህ ዓይነት የረሳ ተማሪ በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ቢሳለምም፣ ቢዘምርም፣ እግዚአብሔርን ያስባል ለማለት ያስቸግራል።

ስለዚህ በሚመጣው ክረምት ወደየቤታችን ስንመለስ በጥቂቱ እንጀምር። ማንበብ ያልቻለ የጎረቤት ልጅ ካለ ፊደል እናስቆጥር። አያቶቻችን የሚያውቁትን ተረትና ምሳሌ፣ አስቴር ጋኖ እንዳደረገችው፣ በደብተር እንጻፍ፤ እነርሱ ሲያልፉ አብሮ የሚያልፍ ነውና። ቡና ተፈልቶ ሽማግሌው ሲመርቁ አሜን ካልን በኋላ፣ ከመንደሩ ማን እንደ ቀረና ማን እንደ ታመመ እንጠይቅ፤ ተነሥተንም እንሂድ። በመስከረም ስንገናኝ የሠራነውን እርስ በርሳችን እንነጋገራለን።